ካርታውን ጠቅልዬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ

ወሎ ውስጥ ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ከተገኘበት ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ወጣቱ ገደሉን በእጁ እየቆፈረ ነው። ኦፓሉ የሚገኘው በገደሉ ወገብ ላይ በተዘረጋች ስስ ንጣፍ ውስጥ ነው። እሷን ተከትለው ዋሻ ይገባሉ። ናዳ ተጭኖት የቀረ አለ። እኔ የሄድኩት ቁፋሮው ሲያበቃ መሬቱ ምን እንደሚሆን ከነዋሪው ጋር ለማቀድ ነበር።

መጀመሪያ የሳትኩት ቀኑን ነው። ስብሰባውን በገበያ ቀን ጠራሁ። የመጡት የቀበሌ ሰዎችና ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። ከሳተላይት ምስል የተሠራ ትልቅ ካርታ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። ሁሉም "ጥሩ ነው" አሉኝ። እኔም ደስ አለኝ። ስንወጣ አንዲት እናት "ልጄ፣ ከብቱ ውሃ የሚወርድበት መንገድ የታለ?" አሉኝ። ካርታው ላይ አልነበረም።

ሁለተኛውን ስብሰባ በበዓል ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አደረግነው። ካርታውን ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። አመድ አመጡ፣ ድንጋይ ለቀሙ፣ አገራቸውን መሬት ላይ ሣሉት። ያኔ ክርክሩ ጦፈ! ቆፋሪዎቹ ተረፈ ድንጋዩን ቁልቁል ይለቁታል፤ ከሥር ያለው ገበሬ ማሳው ላይ ይቀበለዋል። እኔ እስከዚያ ድረስ ሁለቱን ለየብቻ ነበር የማነጋግራቸው። ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነው። በማግስቱ አብረን ወረድን። ከቆፋሪዎቹ አንዳንዶቹ ድንጋዩ የት እንደሚያርፍ ከታች ሆነው ያዩት ያን ቀን ነው። ድንጋዩን የሚያቆመው ካብ የት እንደሚሠራ እዚያው ቆመን ተስማማን።

ሴቶቹ ወንዶች ባሉበት ብዙም አልተናገሩም። ቡና ላይ ለብቻቸው ስንቀመጥ ግን የምንጩ መንገድ በላላው ገደል ሥር እንደሚያልፍ ነገሩኝ። ልጆቻቸው በየቀኑ ጀሪካን ይዘው ያልፉበታል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የነዋሪው አስተያየት በግምገማው ጥናት እንዲካተት ያዛል። የመጀመሪያው ቀን የፊርማ ወረቀቴ ይህን ትእዛዝ ያሟላ ይመስል ነበር። የምንጩ ነገር ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም።

በዋሻዎቹ ላይ አሁንም አልተስማማንም። ልጅ የቀበሩ እናቶች ሁሉም ይደፈን ይላሉ። ወጣቶቹ "ታዲያ ምን እንብላ?" ይላሉ። ሁለቱንም እንዳሉት ጻፍኩ። መደርመስ የጀመሩትን የተተዉ ዋሻዎች ግን ቆፋሪዎቹ ራሳቸው እየዞሩ አሳዩኝ። በዕቅዱ መጀመሪያ የሚዘጉት እነሱ ናቸው።