ፊቱን ትታችሁ እግሩን እዩ፦ የቬትናም ጥንታዊ ሸክላዎችን ስማር

በሳህን ላይ የተሳለን አንድ አፈ ታሪካዊ እንስሳ የሙዚየሙን መግለጫ ሳላነብ «ይህ ኪ ላን ነው» ብዬ ለየሁ፤ ልክም ነበርኩ። የጻፍኩላችሁ በዚህ ደስታ ነው።

ስለ ታሪኩ ባጭሩ፦ ሰማያዊና ነጭ የሆኑት እነዚህ ሸክላዎች በ15ኛውና በ16ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ቬትናም በቹ ዳውና በአካባቢው መንደሮች ተሠርተው ባሕር ማዶ ይሸጡ ነበር። በማዕከላዊ ቬትናም የባሕር ዳርቻ ባለችው ሆይ አን ከተማ አቅራቢያ ከሰመጠች አንዲት መርከብ ብቻ ከ250,000 በላይ ዕቃ ወጥቷል።

ለረጅም ጊዜ ያስቸገረኝ እንስሳቱን መለየት ነበር። ኤሊውና ፊኒክሱ አያሳስቱም። ዘንዶው፣ ኪ ላኑ፣ አንበሳውና ባለ ክንፉ ፈረስ ግን ሁሉም በነበልባልና በደመና ተከብበው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው ይታያሉ። ስለዚህ ፊታቸውን ማየት ትቼ ከእግር መጀመር ያዝኩ። ሰኮና ካለው ኪ ላን ወይም ፈረስ ነው፤ ቀንድና ቅርፊት ያለው ኪ ላን፣ ክንፍ አውጥቶ በማዕበል ላይ የሚጋልበው ፈረስ። መዳፍና የተጠቀለለ ጋማ ካለው አንበሳ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሪባን የታሰረበት ኳስ አብሮት ይሳላል። ሰውነቱ እንደ እባብ ተጠማዞ ባለ ጥፍር እግሮች ካሉት ዘንዶ ነው።

ይህን ያስተማረኝ ንባብ ሳይሆን ብሩሽ ነው። ቀለም ቶሎ በሚመጥ ወረቀት ላይ እየገለበጥኩ እስላለሁ፤ ሌላውም ጀማሪ እንዲሁ ቢያደርግ እወዳለሁ። የጥንቱ ሠዓሊ የሳለው ባልተተኮሰ ሸክላ ላይ ነው። ሸክላው ኮባልቱን፣ ማለትም ሰማያዊውን ቀለም፣ ወዲያው ስለሚጠጣው ጠርጎ ማረም የለም። የእንዲህ ዓይነት ሳህን ፎቶ አጉልታችሁ ተመልከቱ፦ የኪ ላኑ እግር በአንድ ጭረት ይወርዳል፤ ብሩሹ ቆም ያለበት ሰኮናው ጋ ሰማያዊው ጠቁሮ ተጠራቅሟል። ያን ጭረት በእጁ የሞከረ ሰው ሰኮናን ከመዳፍ አያምታታም።

ከዋጋ ዝርዝር የሚጀምሩ ሰዎች ግን ያናድዱኛል፤ ዋጋ ዓይንን አያሠለጥንም። ከዕቃው ሥር የሚቀባው ቡናማ ቀለምም የቬትናም ሥራ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ በሁሉም ላይ የለም፣ አስመሳዮችም ይቀቡታል። ለምን ይቀባ እንደነበር ባለሙያዎቹ ራሳቸው አልተስማሙም።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔም የምማረው ከፎቶና ከመስታወት ማዶ ስለሆነ ስለ ክብደትና ስለ ልባሱ (ሸክላውን ስለሚሸፍነው መስታወት መሰል ሽፋን) ልስላሴ ምክር መስጠት አልችልም። ዘንዶዎቹንም በዘመን መለየት ገና ይከብደኛል። አሁን ባት ቻንግ በምትባለው የሰሜን ቬትናም የሸክላ ሠሪዎች መንደር ወደተሠሩት የመሠዊያ መቅረዞች ዞሬያለሁ። እዚያ ዘንዶው በብሩሽ የተሳለ ሳይሆን ከሸክላው ጎልቶ የወጣ ቅርጽ ነው፤ ስለዚህ ጭቃ ገዝቼ ጥፍሮቹን በጣቴ ለመቅረጽ ጀምሬያለሁ።