«ለማንም እንዳትነግሪ» የሚባለው መድኃኒት

ባደግሁበት በጎጃም፣ ሞጣ አካባቢ፣ መድኃኒት ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ የጓሮ ነው፤ ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት። ከማንም ቤት አይጠፋም፣ ጎረቤትም ከጎረቤቱ አጥር ሳያፍር ይቀጥፈዋል። ሌላው የአዋቂ ነው። ሥሩ ሰው ሳያይ ይማሳል፣ ስሙ አይጠራም፣ ከልጆች ሁሉ ለአንዱ ብቻ በጆሮ ይነገራል። «ከተነገረ ኃይሉን ያጣል» ይባላል። ጀርመን ሀገር፣ ሽቱትጋርት ከተማ መኖር ከጀመርሁ ወዲህ ይህ አባባል ያበሳጨኛል፤ ያሳዝነኛልም።

ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ብርዱ ገብቶ ሳል ሲጀምራቸው ብዙ ጊዜ የሚታዘዝላቸው ሽሮፕ ከቲም የተቀመመ ነው። ቲም ማለት ጮቄ ተራራ ላይ በግ እየረገጠው የሚያልፈው፣ እኛ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው የጦስኝ የቅርብ ዘመድ ነው። ጠርሙሱን ስከፍት ሽታው የሀገሬን ደጋ ያመጣብኛል። ከሽታው በላይ የያዘኝ ግን ካርቶኑ ውስጥ የታጠፈው ወረቀት ነው። ለምን እንደሚሆን፣ ስንት ሚሊ ሊትር በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ፣ ማን መውሰድ እንደሌለበት፣ ካልተሻለ መቼ ሐኪም ዘንድ መሄድ እንደሚገባ ተዘርዝሯል። ጀርመኖቹ አያቶቻቸው የሚያውቁትን ቅጠል መርምረው፣ መጠኑን ለይተው ለማንም እንዲነበብ አድርገዋል። የእናቴ ጓሮ ወረቀቱ የት አለ? ይህን ጥያቄ ይዤ ነው መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ለእረፍት ሀገር ቤት የገባሁት።

እናቴ አዋቂ አይደለችም፤ «ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ» ብሎ የሚያማትም የለም። ጓሮ ያላት ሴት ናት፤ ስምንት ልጅም ወልዳ አሳድጋለች። ትምህርቱ የተጀመረው በዳማከሴ ነው። ቅጠሉን ከመቁረጤ በፊት በሁለት ጣቴ እንዳሸው አደረገችኝ። ከጌሾው ሥር ጥላ ውስጥ ያደገው ቅጠሉ ሰፊና የሚያምር ነው፣ ሲታሽ ግን ሽታው ደካማ ነው። ፀሐይ የሚያገኘው ትንሽና ሻካራ ቢሆንም አፍንጫ ይወጋል። «ከዚህ ነው የምትወስጂ» አለችኝ።

ምች የመታው ሰው ሲመጣ ቅጠሉ ይታጠባል፣ በመዳፍ ይታሻል፣ አረንጓዴው ጭማቂ ይጨመቃል። ጥቂት ጠብታ ቡና ላይ ይደረግና የቀረው ግንባርና ጀርባ ይታሽበታል፤ ከዚያ ጋቢ ተከናንቦ መተኛት ነው። «ስንት ቅጠል?» ስላት «እንደ ሰዉ ነው» አለች። ወረቀቱን እያሰብሁ አልለቀቅኋትም። በመጨረሻ እጇን ዘርግታ አሳየችኝ፤ ለአዋቂ ሰው እፍኝ የማይሞላ፣ ለልጅ ማሸት ብቻ እንጂ ማጠጣት የለም። ከዚያም ሳልጠይቃት ከሁሉ የሚበልጠውን ጨመረች፤ ከዓባይ በረሃ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ከያዘው ወባ ሊሆን ስለሚችል ዳማከሴ እየተባለ አይዘገይም፣ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ይህንን በደማቅ ቀለም ነው የጻፍሁት።

ጤና አዳም ላይ ደግሞ የሚገርም ነገር አገኘሁ። እናቴ እኩለ ቀን ላይ ጤና አዳም አታስቆርጥም። ጠዋት ጤዛው ሲረግፍ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው የሚቆረጠው፤ የቆረጠም ሰው እጁን ይታጠባል። ምክንያቱን ስትጠየቅ «ይቆጣል» ትላለች። ነገሩን ጀርመን ተመልሼ ሳነብ ቅጠሉ ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች እንዳሉ ተረዳሁ። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ እሳት ቃጠሎ ውኃ የሚቋጥረው በእነርሱ ምክንያት ነው። እናቴ ኬሚስትሪ ሳትማር ጥንቃቄውን ታውቀዋለች። ነፍሰ ጡር ጤና አዳም በብዛት እንዳትጠጣ የምትከለክለውም በከንቱ አይደለም፤ ማሕፀን ያኮማትራል፣ ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል።

ስለ መትከሉ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ዳማከሴ ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጥል ከቅርንጫፉ ተቆርጦ ይተከላል፣ ያለችግርም ይይዛል። ጤና አዳም ውኃ የሚተኛበት መሬት አይወድም፤ የሐምሌና የነሐሴ የጎጃም ዝናብ ሥሩን ያበሰብሰዋል፤ ስለዚህ ከግድግዳው ሥር ከፍ ባለው አፈር ላይ ነው ቦታው። እኔ ዘር ይዤ አልተመለስሁም። እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ወደ አውሮፓ ኅብረት ሀገሮች ዘርና ተክል በሻንጣ ለማስገባት የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠየቃል። እዚህ ካለ የችግኝ መሸጫ የአውሮፓውን ጤና አዳም ገዝቼ በረንዳዬ ላይ አሳድጌያለሁ። ቅጠሉ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ የአበባው ጠርዝም እንደኛው ዘርፍ የለውም፤ ሽታው ግን ቡናዬን አላሳፈረም። ዳማከሴ ግን ውርጭ አይችልም፣ የሚሸጠውም አላገኘሁም።

ወደ ምስጢሩ ጉዳይ ልመለስ። በሰፈራችን የማይደርቅ ቁስል የሚያደርቅ ቅጠል ያውቃሉ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ለማንም ሳይናገሩ አረፉ። በእውነት ይፈውስ ነበር? ይጎዳስ ነበር? ዛሬ አንዱንም ማወቅ አይቻልም። ምስጢር ጥቅሙን ብቻ ሳይሆን ጉዳቱንም ይሸፍናል። ኮሶን እንመልከት፤ ወላጆቻችን በየሁለት ወሩ ይጠጡት የነበረው፣ ትሉን የሚያስወጣው አበባ ከመጠን ሲያልፍ ዓይን ሊያሳውር ይችላል። ይህን ያወቅነው ኮሶ የሁሉም ቤት መድኃኒት ስለነበርና የደረሰው ጉዳት ስለታየ ነው።

እንዶድም እንዲሁ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ቀንድ አውጣው ብልሃርዝያ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፈው ነው። ከዚያ ተነሥተው ባደረጉት ምርምር እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እናቶቻችን ጋቢና ነጠላ ያነጡበት የነበረው እንዶድ የአንድ ሰው ምስጢር ቢሆን ኖሮ ማን ያየው ነበር?

የአዋቂዎቹ ፍርሃት ግን ይገባኛል። የተናገረ ሰው እንጀራውን ያጣል፤ አንዳንዱም ጠንቋይ ተብሎ ይሸሻል፤ የሌላውን ዕውቀት ወስዶ በራሱ ስም የሚነግድም አይጠፋም። ይህ ሁሉ መልስ ያስፈልገዋል፣ መልሱ ግን መቃብር አይደለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን፤ መድኃኒቱን የደበቀስ?

እኔ የማልደራደርበት የጓሮው ዕውቀት ነው፤ እሱ የሁላችንም ነው። በሰው ሀገር የተወለዱ ልጆቻችን ዳማከሴን በስም እንኳ አያውቁትም፤ ጎጃም ያሉትም ቢሆኑ ጓሮው በባሕር ዛፍ እየተያዘ ቅጠሉን ከገበያ ይገዙታል። ስለዚህ እናቴ የነገረችኝን ሁሉ በደብተር አሰፈርሁት፤ የተክሉ ስም፣ የቱ ክፍሉ፣ ለማን፣ ምን ያህል፣ ለማን አይሆንም፣ መቼ ሐኪም ዘንድ ይኬዳል።

አሁን የእህቴ ልጅ ደብተሩን ለእናቴ በንባብ እያሰማቻት ነው፤ እማዬ የምታርመውን ትጽፍና ኔትወርክ ሲኖር በስልክ ትልክልኛለች። እስካሁን ዳማከሴውና ጤና አዳሙ ታርመው አልቀዋል። ፌጦ ላይ አልተስማማንም፤ እኔ ለሆድ ቁርጠት በሎሚ ብዬ ጽፌ ነበር፣ እሷ ጨጓራ ላለበት ሰው ሎሚው እንዲሰረዝ ትላለች። ግራዋና ስሚዛ ገና ናቸው። ቀጣዩ ሰኔ ሲገባ ልጅቷ ከዳማከሴው ቅርንጫፍ እየቆረጠች ለሚፈልጉ ጎረቤቶች ትሰጣለች፤ ከያንዳንዱም ጋር ከደብተሩ የተገለበጠ አንድ ገጽ ይሄዳል።