ላዩን ለልጅቱ፣ ውስጡን ለእናትየው

ልብስ ሰፊን የሚያስቸግረው የወፈረ ወገብ ወይም የጎበጠ ትከሻ አይደለም። ልብሱን የሚለብሰው አንድ ሰው፣ ገንዘቡን የሚከፍለው ሌላ ሰው ሲሆን ነው መከራው። ሠርግ ላይ ለምደነዋል፤ ሙሽራዋ ትለብሳለች፣ የወንዱ ወገን ይከፍላል፣ ከሁለቱም በኩል ያሉ አክስቶች ያዝዛሉ። ለተለማማጆቼ የምነግራቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የሚከፍለውን ስሙ፣ የሚለብሰውን ለኩ እላቸዋለሁ። ጥሩ ምክር ነው፤ ዛሬም አልተውኩትም። እኔ ራሴ ያልተከተልኩበትን ጊዜ ግን ላጫውታችሁ።

ሴትዮዋ የቆዩ ደንበኛዬ ናቸው። የጥምቀት ቀሚሳቸውን የምሰፋላቸው እኔ ነኝ፤ ሲያትል የምትኖረውን ልጃቸውን የምርቃት ልብስም ያኔ የሰፋሁት እኔ ነበርኩ። ልጅቱ እናቷን አስመጥታ በመርከብ ወደ አላስካ ልታንሸራሽራቸው አስባለች። ከእነዚህ ትልልቅ የሽርሽር መርከቦች በአንዳንዶቹ ላይ በተወሰኑ ምሽቶች ራት የሚበላው በክት ልብስ ነው፤ ወንዱ ሙሉ ልብስ በክራቫት፣ ሴቷ ብዙ ጊዜ እስከ መሬት የሚደርስ የምሽት ቀሚስ። ልጅቱ የመረጠችውን ቀሚስ ፎቶ ልካለች። ወይን ጠጅ ሳቲን ነው፤ እጅጌ የለውም፣ ሰውነት ላይ የተለጠፈ ነው፣ ጀርባው እስከ ወገብ ድረስ ክፍት ነው።

እናትየው ስልኩን ወደ እኔ አዙረው ጣታቸውን ክፍቱ ጀርባ ላይ አሳረፉና፣ «ልጄ፣ እዚህ ጋ ጨርቅ አልቆባቸው ነው?» አሉኝ።

ወገባቸውን ብርድ ከመታቸው ቆይቷል። ነሐሴ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሲቆሙ መቋሚያቸውን የሚደገፉት ለጸሎቱ ርዝመት ብቻ አይደለም።

ልጅቱን በስልክ አገኘናት። ስልኩን ካውያው ላይ አስደግፈን፣ እኔ ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ፣ እናትየው ከጎኔ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጀመርን።

«እህቴ፣ ቀሚሱ ያምራል» አልኳት። «የእናትሽን ብርድ ግን ታውቂዋለሽ።»

«መርከቡ እኮ ሆቴል ማለት ነው» አለች። «ውስጡ ብርድ የሚባል የለም።»

«ከውስጥ አይወጡም?»

«ምን ሊያደርጉ? ለፎቶ ካልሆነ።»

«ፎቶው የት ነው የሚነሳው?»

ትንሽ ዝም አለች። «ከግግር በረዶው ፊት ለፊት፣ ሰገነቱ ላይ።»

ይህን ስትል ተለማማጇ መቀሷን አስቀምጣ ወደ ጓሮ ወጣች። ስትስቅ ይሰማኛል። እኔ አልሳቅኩም። ጥር ላይ ሙሽሮች ትከሻቸውን አራቁተው ፋሲል ግምብ ፎቶ ሊነሱ ሲሄዱ የሸኘሁ ሰው ነኝ። ከተማችን ከ2100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች መሆኗን ፎቶ አንሺ ሁሉ የሚረሳው ጠዋት በ12 ሰዓት ነው። አምስት ደቂቃ ይላሉ። ከዚያ ሙሽራዋ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ ትመለሳለች፣ ሚዜዎቹ ጋቢ ያለብሷታል፣ ጋቢው የቀሚሱን ጥልፍ ይቦጭቀዋል፣ ጥልፉ ወደ እኔ ይመጣል።

«አምስት ደቂቃ ነው» አለች ልጅቱም።

ካባ ላድርግላቸው አልኳት። ያኔ ነው ነገሩ የተበላሸው። «አይሆንም» አለች። «እማዬ እንደ ጎንደር ባልቴት ተጀቡና እንድትገባ አልፈልግም። እዚያ ሰው ያየናል።»

እናትየው አልተቆጡም፤ አልመለሱላትምም። የቁልፍ ሣጥኔን ጭናቸው ላይ አድርገው ቁልፎቹን በቀለም በቀለም ይለዩ ጀመር። ነጩን ከነጭ፣ ጥቁሩን ከጥቁር፣ የዕንቁ መሳዩን ለብቻው። ብዙ ጊዜ የምመልሰው አላጣም፤ የዚያን ቀን ግን ያ የቁልፍ መለየት አፌን ያዘው። «እሺ፣ እንዳልሽው» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ከጎኔ ሱቅ ከውጭ የመጣ ቀሚስ የሚሸጠው ጎረቤቴ ለወሬ ጎራ ብሎ ኖሮ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። «የምሽት ልብስ ብርድ አያውቅም» አለ። «አንቺ ቀሚስ ሳይሆን ድንኳን መስፋት ነው የለመድሽው።» ይህ ሰው መርፌ ውስጥ ክር ሲያስገባ አይቼው አላውቅም።

እሱ ሲሄድ እናትየው ሣጥኑን ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ላዩን እሷ እንዳለችው አድርጊው፤ ውስጡን እኔ እንዳልኩሽ» አሉኝ። ምንም አላሉኝም ነበር እስከዚያ። ግን ገብቶኛል። ገንዘቡ ባሕር ማዶ ነው፤ ወገቡ እዚህ ነው።

ሥራው እንዲህ ነበር። የሚያሞቀው የጨርቁ ውፍረት አይደለም፤ በጨርቅና በጨርቅ መካከል ታፍኖ የሚቀረው አየር ነው። ጋቢ አራት ድርብ የሆነው በከንቱ አይደለም። ስለዚህ ሰውነት ላይ የተለጠፈ ቀሚስ የፈለገውን ያህል ገበር ቢኖረው አየሩ ይጨፈለቅና ገበሩ ዋጋ ያጣል። እነዚህ መርከቦች ደግሞ በሰዓት እስከ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛሉ፤ ነፋስ በሌለበት ቀን እንኳ ሰገነት ላይ የቆመ ሰው ያን ያህል ነፋስ ፊት ለፊት ይመታዋል፣ ሰውነቱ ያሞቀውንም አየር ጠራርጎ ይወስድበታል። ሳቲኑ ሽመናው ጥብቅ ስለሆነ ነፋሱን በመጠኑ ይመልሳል፤ ራሱ ግን አያሞቅም። ከሥሩ ቀጭን የሱፍ ሹራብ ያስፈልጋል። እጄ በልማድ ወደ ጥጥ ሄዶ ነበር፤ ጥጥ ግን እርጥበት ከጠጣ ሰውነት ላይ ይቀዘቅዛል፤ የባሕር ጠል ባለበት ቦታ ደግሞ እርጥበት አይታጣም። ሱፍ ረጠብ ቢልም ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም።

ስለዚህ ልኬቱን የወሰድኩት ሹራቡን አስለብሼ ነው። ብዙ ሰፊዎች ይህን አያደርጉም። በስስ ሸሚዝ ለክተው ይሰፋሉ፤ ደንበኛው ከሥሩ ሹራብ ሲጨምር ዚፑ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ከዚያ የሹራቡን አንገት ቆርጬ ከቀሚሱ ገበር ጋር በእጅ ሰፋሁት፤ ከላይ ምንም አይታይም። ወገቡ ላይ ሱፉን ደረብኩት። ጉርዱን ደግሞ ከሥሩ የውስጥ ጉርድና ወፍራም ስቶኪንግ እንዲያስገባ አድርጌ ዘረጋሁት። እስከ መሬት የሚደርስ ቀሚስ ትልቁ ጸጋው ይህ ነው፤ ከሥሩ ያለውን ማን ያያል?

ቀሪው ጀርባው ነው። በሳቲኑ ቀለም ዳንቴል ዘጋሁት፤ ከዳንቴሉ ኋላ የቆዳቸውን ቀለም የሚመስል ስስ የሱፍ ጨርቅ አስገባሁ። አራት እርምጃ ርቆ ለሚያይ ባዶ ጀርባ ላይ ዳንቴል የተጣለ ይመስላል። ለጥር ሙሽሮች የፈጠርኩት ዘዴ ነው፤ ብዙ አማት አታልዬበታለሁ። እጅጌውንም በዚሁ መንገድ እስከ ክርን አወረድኩት።

ልጅቱ ፎቶውን አይታ ዳንቴሉን ወደደችው። ልኬቱን ግን ጠየቀች። «ወገቡ ለምን 5 ሴንቲ ሜትር ሰፋ?»

«እናትሽ አምሮባቸው ትንሽ ሞላ ብለዋል» አልኳት። እናትየው ከጎኔ ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ። በልተው የማይወፍሩ ሴት ናቸው።

ካባውን አልነገርናትም። ጥቁር ከፋይ ነው፤ ዳር ዳሩን ወርቃማ ጥልፍ፣ ውስጡ ሙሉ የሱፍ ገበር። ነጠላ ወይም ሻርፕ ሳቲን ላይ አይቆምም፤ ይንሸራተታል፤ በመርፌ ቁልፍ ካያዙት ደግሞ ሳቲኑን ይተረትረዋል። ሹካና ቢላዋ የያዘ ሰው ደግሞ የሚንሸራተት ነገር በምን እጁ ይመልሳል? ካባ አንገት ላይ ይቆለፋል፤ ሁለቱንም እጅ ነጻ ይተዋል። አጥፈን ሻንጣው ውስጥ ከበርበሬውና ከሽሮው ሥር ቀበርነው። ጋቢያቸውን ራሳቸው ከላይ ጨመሩ።

ፎቶዎቹ የመጡት ክረምት ላይ ነው። በመጀመሪያው እናትየው ካባቸውን ደርበው፣ ወገባቸውን አቅንተው፣ በረዶውን ጀርባ ሰጥተው ይስቃሉ። አጠገባቸው ልጅቱ አለች። ትከሻዋ አይታይም፤ አንገቷም አይታይም። ባለወርቃማ ጫማዋና የቀሚሷ ጫፍ ብቻ ከእናቷ ጋቢ ሥር ብቅ ብለዋል። ፎቶውን ለተለማማጆቼ ማሳየት አልነበረብኝም፤ አሳየሁ።

እናትየው ሲመለሱ ቡና ይዘውልኝ መጡ። ከበረዶው ይልቅ የቀዘቀዘው የራት አዳራሹ ነበር አሉ። ያ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ስለሚሞቅ ማቀዝቀዣውን ይለቁታል፤ ተቀምጦ የሚበላው ይበርደዋል፣ ሳህን ይዞ የሚሮጠው አስተናጋጅ ያልበዋል። «እኔ ካባዬን ሳላወልቅ በላሁ። አንዲት ፈረንጅ መጥታ ጥልፉን ዳሰሰችና አንድ ነገር አለችኝ። ልጄ ግን አልተረጎመችልኝም።»

«ምን ብላ ይሆን?» አልኳቸው።

«እንዴት አውቄ! ግን አንቺን ሳትጠይቅ አትቀርም።»

ጎረቤቴ በዚያው ሰሞን መስታወቱ ውስጥ ጥቁር ካባ ሰቀለ። ገባ ብዬ እጄን ከውስጥ አስገብቼ አየሁት። ገበር የለውም።

ልጅቱ የደወለችው ኅዳር ላይ ነው። ስለ ቀሚሱ አላነሳችም፤ ስለ ጋቢውም አላነሳችም። ለሥራ ባልደረቦቿ ግብዣ የሚሆን ካባ ፈልጋ ነው። ዋጋውን ነገርኳት።

«በጣም ተወደደ» አለች።

«ገበሩ ነው ያስወደደው» አልኳት። «ያለ ገበር ከፈለግሽ ከጎኔ ያለው ሱቅ አለልሽ፤ ዋጋውም ደኅና ነው፣ ስልኩን ልስጥሽ?»

ትንሽ ዝም አለች።

«ጀርባው ላይ ድርብ ይሁን» አለችኝ።