ከጡቡ የሚለሰልስ ማልታ

ባለፈው እሑድ ልጄን ይዤ ለንደን ውስጥ ቤድፎርድ ስኩዌር ሄድኩ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አንድ የድሮ ቤት ሥላ እንድታመጣ ትምህርት ቤት አዘዋት ነበር። ብሪቲሽ ሙዚየም እዚያው አጠገብ ነው። የመቅደላ ታቦቶቻችን ያሉት እዚያ ስለሆነ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አማትባለሁ። እሷም አብራኝ አማተበች።

እኔ ግንበኛ ነኝ። ሙያውን ጎንደር ከአባቴ ተማርኩ። አዲስ አበባ ብዙ ብሎኬት ደርድሬያለሁ። አሁን ለንደን ውስጥ የድሮ የጡብ ቤቶች እጠግናለሁ። ስለዚህ ቤቱን የመረጥኩላት እኔ ነኝ።

እንግሊዞች እነዚህን ቤቶች ጆርጂያን ይሏቸዋል። ከ1714 እስከ 1830 በተከታታይ የነገሡት አራቱም ነገሥታት ጆርጅ ይባሉ ስለነበር ነው። ቤድፎርድ ስኩዌር የተሠራው ከ1775 እስከ 1783 ባለው ጊዜ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)። በአራቱም በኩል ቤቶቹ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመዋል። የየረድፉ መሀል ነጭ ልስን ለብሷል፤ የቀሩት ጡባቸው ይታያል። ጡቡ ቢጫ ነው። ጭቃው ላይ ኖራ ድንጋይ ስለሚፈጩበት ነው እንደዚያ የሚሆነው። የከሰል ጥቀርሻ ግን ብዙውን አጥቁሮታል።

ልጄ መጀመሪያ ያየችው በሮቹን ነው። ዙሪያቸው ድንጋይ ይመስላል፣ ግን ሸክላ ነው። ኤሊኖር ኮድ የምትባል ሴት እዚሁ ለንደን፣ ላምቤዝ በሚባል ሰፈር፣ ፋብሪካ ነበራት። እዚያ በቅርጽ እያወጡ በእሳት ይተኩሱት ነበር። ከበሩ ቅስት አናት ላይ የጢማም ሰው ፊት አለ። ከሁለት መቶ አርባ ዓመት በኋላም የጢሙ ጠጉር ይቆጠራል። እኔ ቆሜ ባየው አይሰለቸኝም።

«አባዬ፣ ቤቶቹ ለምን ጣራ የላቸውም?» አለችኝ።

ጥያቄዋ ደስ አለኝ። ጣራ አላቸው፣ ግድግዳው ከፍ ብሎ ከልሎት ነው። በ1666 ለንደን ተቃጠለች። ከዚያ ወዲህ ግድግዳ በጡብ ወይም በድንጋይ ይሁን ተባለ። በ1707 ደግሞ ከጣራው ሥር የሚወጣው የእንጨት ክፈፍ ተከለከለ። እሳት ከቤት ወደ ቤት የሚዘለው በእሱ ነበርና። ግንበኞቹም ጡቡን ከጣራው በላይ አሳልፈው ገነቡት። መስኮቶቹም በሕግ ወደ ግድግዳው ውስጥ እንዲገቡ ተደረገ። ይህን ሁሉ ውበት ያመጣው የእሳት ፍርሃት ነው።

ከዚያ ወደ ጡቡ አስጠጋኋት። አንዱ ጡብ በጎኑ ይተኛል፤ ቀጥሎ ያለው ግንባሩን ያሳያል። ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር። ግንባሩን የሚያሳየው ጡብ ወደ ውስጥ ገብቶ የፊቱን ግድግዳ ከኋላው ጋር ይይዛል። መያዝ ነበረበት ማለቴ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ግንበኞች ውድ ጡብ ለመቆጠብ ለሁለት ሰብረው ይደረድሩት ነበር። መሬቱ የባለርስቱ ነው፤ ሠርተው ቶሎ መሸጥ ይፈልጋሉ። የእነሱን ቁጠባ ዛሬ የምንከፍለው እኛ ነን። ግድግዳው ሆዱን ሲነፋ ተጠርቼ አይቻለሁ፤ ያሳዝናል።

ስቲላቱራው፣ ማለትም የጡቦቹ መጋጠሚያ አሞላል፣ ግን ጥበብ ነው። መጋጠሚያውን የጡቡን ቀለም በያዘ ማልታ (ጡብን ከጡብ በሚያያይዘው ቡኮ) ይሞሉታል። ከዚያ በመሀሉ ቀጭን ነጭ የኖራ መስመር ያስገባሉ። ከሩቅ ሲታይ ጡቦቹ በክር የተሰፉ ይመስላል። አሁንም በአንዳንዶቹ ቤቶች ላይ ርዝራዡ አለ።

እዚህ አገር ሥራ ስጀምር ማልታ አቡካ ተባልኩ። አዲስ አበባ እንደለመድኩት ሲሚንቶ ጨመርኩበት። አብሮኝ የሚሠራው ሽማግሌ እጄን ያዘኝ። «ማልታው ከጡቡ መለስለስ አለበት» አለኝ። አልገባኝም። ለእኔ ሲሚንቶ ሲበዛ ግንቡ ይጠነክራል ማለት ነበር። ማታ ለአባቴ ስደውልላቸው ሳቁ። «የፋሲል ግንብ በምን የተያያዘ ይመስልሃል? በኖራ አይደለም እንዴ!» አሉኝ።

የገባኝ ግን በዓይኔ ሳየው ነው። ከእኛ በፊት የነበረ ኮንትራክተር አንዱን ቤት በሲሚንቶ ስቲላቱራ አድርጎት ነበር። ጡቡ ውኃ ይጠጣል። በኖራው በኩል ቀስ እያለ ይተነፍሳል። ሲሚንቶው ያን መውጫ ዘጋበት። ክረምት ውኃው በረዶ ሆነ፤ የጡቡ ፊት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ወደቀ። ሲሚንቶው እንዳለ ቆሟል፤ የተበላው ጡቡ ነው። በመሮና በመዶሻ ያን ሲሚንቶ ስናወጣ ሦስት ሳምንት ፈጀብን። በየመሀሉ ደህናው ጡብ ጭምር ይሰበራል። በጣም ነው የተናደድኩት። ኖራ ሲያረጅ በጥፍር ይፋቃል፣ ጠርገህ በአዲስ ትተካዋለህ። የ1780 ጡብ ግን ከየት ይመጣል?

ኖራ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቶሎ እንዳይደርቅ እርጥብ ጆንያ እንጋርድለታለን። ብርዱ ከአምስት ዲግሪ ከወረደ ሥራ እናቆማለን። አሠሪዎች ይነጫነጫሉ፣ እኔም አልቸኩልም።

ልጄ ሥዕሏን ስትጨርስ አሳየችኝ። ጡቦቹን ረጅም አጭር አድርጋ ደርድራቸዋለች። ጢማሙ ሰውዬም አለ። ከላይ ደግሞ ትልቅ ቀይ ጣራ ሠርታበታለች።

«እሱ እኮ አይታይም» አልኳት።

«አለ ብለኸኛል» አለች።