ጠረበች ወይስ አነሳች

ጡረታ የወጡ አንድ የባዮሎጂ መምህር ያመጡት ረቂቅ ልብ ወለድ ለአርትዖት የደረሰው ለእኔ ነበር። ባለታሪኳ ድንቅነሽ ናት፤ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ኖራ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ አጥንቷ የተገኘው። መምህሩ ግን ስለ አጥንት አልጻፉም። ረሃቧን፣ ጅብ ስትፈራ ዛፍ ላይ ማደሯን፣ ልጇን አቅፋ ወንዝ መሻገሯን ነበር የጻፉት።

መጀመሪያ ላይ እሳት ታነድ ነበር፤ ሰረዝኩት። አብዛኛው ተመራማሪ የሚቀበለው የጥንት እሳት ምልክት የደቡብ አፍሪካው ዎንደርወርክ ዋሻ ነው፤ እሱም 1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ዛሬም ቢመጣ እሰርዘዋለሁ።

ገጽ 47 ላይ ስደርስ ግን እንዲህ ይላል፦ «ድንጋዩን ጠረበች። በስለቱ ከሚዳቋዋ ጭን ሥጋውን ገፈፈች፤ ጮማው በክንዷ ላይ ወረደ።» አንቀጹን እንዳለ በቀይ ሰረዝኩና ኅዳጉ ላይ «ስህተት! ጎና 2.6 ሚሊዮን ነው!» ብዬ ጻፍኩ፤ አፋር ውስጥ ጎና የተገኙት የተጠረቡ ድንጋዮች ዕድሜ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ነው፣ ከድንቅነሽ ብዙ በኋላ ማለቴ ነበር። እነዚያ ሁለት ቃለ አጋኖዎች እስከ ዛሬ ይቆጩኛል።

በሳምንቱ መጡ። ወረቀቱን ፊቴ ዘርግተው ጣታቸውን ቀዩ ላይ አሳረፉ።

«ልጄ፣ ጎና የተገኘው ድንጋይ የመጀመሪያው ነው ያለሽ ማን ነው?»

«ጋሼ፣ በዕድሜ የሚበልጠው የለማ።»

«ዲኪካስ?»

ዝም አልኩ። የአፋሯን ዲኪካ የማውቃት ቅሪተ አካሏ እዚያ በተገኘው በሕፃኗ በሰላም ብቻ ነበር። ከቦርሳቸው በ2002 ዓ.ም. የወጣ ጥናት ቅጂ አወጡ። ከዚያው ከዲኪካ የተገኙ ሁለት የእንስሳት አጥንቶች፣ ዕድሜያቸው 3.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ የድንጋይ ስለት ያረፈባቸው የሚመስሉ። ቀጥለው ኬንያ ውስጥ ሎሜክዊ የተገኙትን፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የተባሉትን የተጠረቡ ድንጋዮች ጠቀሱልኝ።

«የተገኘበት ቀንና የተጀመረበት ቀን አንድ አይደለም። እኔ የምጽፈው በሁለቱ መካከል ያለውን ነው» አሉኝ።

ፊቴ ጋለ። በዚህ መሃል የክፍላችን ኃላፊ በበሩ ብቅ ብለው፣ «ምን ያከራክራችኋል? ልብ ወለድ አይደል እንዴ፤ ይለፍ!» አሉ። መምህሩ እኔን ሲያርሙ ያላሰሙትን ድምፅ ያን ጊዜ ሰማሁት። «ልብ ወለድ ስለሆነማ ነው! አጥንቷን ሙዚየም ሄዶ የሚያይ ያያል። ኑሮዋን የት ሄዶ ሊያይ ነው?»

ለእኔም ከስህተቴ በላይ የከነከነኝ ያ «ይለፍ» ነው። ብዙ መጽሐፍ በእሱ ቃል አልፎ አይቻለሁ።

ሻይ አስመጣንና በአንድ ግስ ላይ ከሰዓቱን ሙሉ ቆየን። የዲኪካው ጭረት አከራካሪ ነው፤ አዞ ነክሶት ነው፣ እንስሳ ጠጠር ላይ ረግጦት ነው የሚሉ አሉ። ስለት ነው ያሉትም ቢሆኑ ድንጋዩ ተጠርቦ ይሁን በተፈጥሮው ስል የሆነ ይሁን አልለዩም። ስለዚህ «ጠረበች» በ«አነሳች» ይተካ አልኩ። ሁለት ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት።

«አነሳች ካልኩ ዕድል ነው። ጠረበች ካልኩ ማሰብ ነው። ማሰቧን ልንነፍጋት ነው?»

መልስ አልነበረኝም። እሳቸውም ወዲያው አልመለሱልኝም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ወረቀቱን አዩት። ከዚያ እርሳሴን ተቀብለው ከቀዩ ሰረዝ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት ጻፉ። መጽሐፉም የታተመው እንደዚያው ነው፦

«ድንጋይ አነሳች። ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ጣለችው። ሌላ አነሳች።»