«አንተ» ወደ «እናንተ» ሲዞር

ኮምቦልቻ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው። ደሴ የሚመላለስ ሚኒባስ ፍሬን እየተሠራ ነበር። ከፍሬን መስመር አየር ማስወጣት የሁለት ሰው ሥራ ነው። ላይ ያለው ፔዳሉን ሦስት አራቴ ረግጦ ይይዝና «ይዣለሁ» ይላል። ታች ያለው ማስተንፈሻ ብሎኑን ሩብ ዙር ያህል ፈትቶ፣ ዘይቱ ከነአረፋው በቱቦ ሲወጣ አይቶ፣ መልሶ ካጠበቀ በኋላ «ልቀቅ» ይላል። ብሎኑ ሳይጠብቅ ፔዳሉ ከተለቀቀ አየር ተመልሶ ይገባል።

ሁለቱ መካኒኮች በአፋቸው ለብሔሮች እስከ መገንጠል መብት ስለሚሰጠው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39 ይሟገቱ ነበር። አንዱ ይሰረዝ፣ ሌላው ይቆይ። ታች ያለው «እናንተማ ድሮም...» ሲል ላይ ያለው ፔዳሉን ለቆ ወረደ። ብሎኑ እንደተፈታ ነበር። ፔዳሉ ሲረገጥ እንደ ስፖንጅ ሰመጠ፤ ያውም የደሴን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ለሚወርድ መኪና።

ክርክሩን ያበላሸው ፖለቲካው ሳይሆን ያቺ «እናንተ» ናት። «አንተ» የሚባለው ሐሳብ ላለው ሰው ነው፤ «እናንተ» ግን ዘሩንና ቤተሰቡን ጎትቶ ያመጣል። ሰጋጅና አስቀዳሽ ባንድ ጣሪያ በሚያድርበት በወሎ ደግሞ ተናጋሪው የገዛ እናቱን ወገን ሊነካ ይችላል።

ዋናው መካኒክ ማን እንደጀመረው አልጠየቁም። ቡና አስፈሉና «ልጆቼ፣ መልስ ከመስጠትህ በፊት ወንድምህ ያለውን ደግመህ ንገረው፤ እሱ ‹አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው› ይበል» አሉ።

የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። «ሀገር ትፍረስ ትላለህ» አለ አንዱ። ይህ ፍርድ እንጂ የሰውየው ቃል አይደለም። በሦስተኛው «ማንም በግድ እንዳይያዝ ዋስትና ነው ትላለህ» ሲል «አዎ» ተባለ። ሌላውም «አንቀጹ ካለ ሀገሪቱ ሁልጊዜ ስጋት ላይ ናት ትላለህ» ብሎ «አዎ» አገኘ።

ቀጥሎ ጽሑፉን በስልክ አነበቡት። አንዱ መገንጠል በአዋጅ ብቻ የሚያልቅ ይመስለው ነበር። ንዑስ አንቀጽ 4 ግን የብሔሩን ምክር ቤት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከዚያም የፌዴራል መንግሥቱ በ3 ዓመት ውስጥ የሚያዘጋጀውን ሕዝበ ውሳኔ ይጠይቃል። ልዩነታቸው ጠበበ እንጂ አልጠፋም፤ ይህ ሥርዓት ሰውን ያረጋጋል ወይስ በሩን ክፍት ያቆያል በሚለው ላይ አሁንም አይስማሙም።

መኪና ሥር ሰው እያለ ክርክር እንዳይኖር፣ «እናንተ» የተባለ ዕለትም ወሬው እስከ ሚቀጥለው ቡና እንዲቆም ተስማሙ። ከዚያ ዘይቱን ሞልተው ከቀኝ የኋላ ጎማ እንደገና ጀመሩ።

«ይዣለሁ።»

«ልቀቅ።»