የአየር ፍሰት ሴንሰር «ሞቷል» ሲሏችሁ

የቼክ ኢንጅን መብራት በርቶበት ጋራዥ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ይዞ ይወጣል። «ሴንሰሩ ሞቷል፣ ይቀየር።» እኔም ይህንኑ ተባልኩ። ሴንሰሩ ግን አልሞተም፤ አቧራ ለብሶ ነው። አቧራውን ያስገባው ደግሞ ያው ጋራዥ ራሱ ነው። ይህን ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ስንት ንዴት ይቀርልኝ ነበር።

ችግሩ የጀመረው ጉልበት በማጣት ነው። መኪናው ቆሞ ሲሰራ ሰላም ነው። ነዳጅ ስሰጠው ግን መጀመሪያ ያመነታል፣ ከዚያ ድንገት ይወረወራል። ዳገት ላይ ይብስበታል። ሳይውል ሳያድር መብራቱም በራ።

ሴንሰሩ የሚገኘው በአየር ፊልትሮው ቤትና በትሮትሉ (ፔዳሉን ስንረግጥ ተከፍቶ አየር ወደ ሞተሩ በሚያስገባው በር) መካከል ነው። በብዙዎቹ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ በጣም ቀጭን ሽቦ አለ። የሚገባው አየር ሽቦውን ያቀዘቅዘዋል። ሙቀቱን ጠብቆ ለማቆየት የሚፈጀው ኤሌክትሪክ ስንት አየር እንደገባ ይናገራል። የሞተሩ ኮምፒውተር ነዳጁን የሚመጥነው ይህን ይዞ ነው፤ በቤንዚን ሞተር በክብደት ለ1 ነዳጅ 14.7 ያህል አየር። ሽቦው አቧራ ሲለብስ ግን ብርድ ልብስ እንደተከናነበ ሰው ይሆናል፤ ንፋሱ አይሰማውም። ብዙ አየር እየገባ ትንሽ ነው ይላል። ነዳጁ ያንሳል፣ መኪናው ያመነታል።

እስኪሰራ ድረስ ልንዳው ወይስ ላቁመው? የእኔ መልስ መብራቱን እዩ ነው። ብልጭ ድርግም ካለ ሞተሩ በደንብ እያቃጠለ አይደለም፤ ያልተቃጠለው ነዳጅ በጭስ መውጫው መስመር ላይ ያለውን ካታሊስት (የጭስ ማጣሪያ) ያጋየዋል። ዳር ያዙና አጥፉት። ሳይርገበገብ በርቶ ከቆመና ሞተሩ ካልተንቀጠቀጠ ግን እስከ ጋራዥ ወይም እስከ ቤት ቀስ ብሎ ያደርሳል። ፔዳሉን አትርገጡት፣ ዳበስ አድርጉት። በሁለት አቅጣጫ መንገድ ላይ ደርቦ ማለፍ ፈጽሞ አይሞከርም። መገናኛ (መስቀለኛ መንገድ) ስትሻገሩ ከወትሮው እጥፍ ክፍተት ጠብቁ፤ መኪናው መሀል መንገድ ላይ ሊያመነታ ይችላልና።

እየሄዳችሁ ሞተሩ ቢጠፋ መሪው ይከብዳል እንጂ አይቆለፍም፤ ቁልፉን እስካልነቀላችሁ ድረስ። ፍሬኑም አንድ ሁለቴ የሚበቃ አጋዥ ኃይል ይቀረዋል። ስለዚህ ፍሬኑን ደጋግማችሁ አትምቱ። አንዴ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙት፣ የአደጋ ምልክት መብራት አብሩ፣ ወደ ዳር ውጡ።

አሁን ወደ ጋራዡ። መካኒኩ የብልሽት ኮድ የሚያነበውን ስካነር ሰካ። ፒ0171 እና ፒ0101 ወጡ። ስክሪኑን አየና «ወንድሜ፣ የአየር ሴንሰሩ ሞቷል» አለኝ። ኮፈኑን እንኳ አልከፈተም።

ኮዶቹ እንዲህ አይሉም። ፒ0171 ድብልቁ ውስጥ ነዳጅ አንሷል ማለት ነው። የተቀደደ የአየር ቱቦም፣ የደከመ የነዳጅ ፓምፕም ያመጡታል። ፒ0101 ደግሞ የሴንሰሩ ንባብ ከሚጠበቀው ውጭ ሆኗል ማለት ነው። ለምን እንደሆነ ግን አይናገርም። ያንን መፈለግ የመካኒኩ ሥራ ነው፤ የምንከፍለውም ለዚያ ነው።

«ስንት ግራም አየር እያነበበ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «እሱ አያስፈልግም» አለኝ። ስካነሩ በእጁ ነው፣ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ስም ከሌለው ካርቶን አዲስ ሴንሰር አወጣ፣ ገጠመ፣ ኮዱን አጠፋ፣ ሂሳቡን ተቀበለ። የመጀመሪያው መገናኛ ላይ እግሬን ከፔዳሉ ሳነሳ ሞተሩ ጠፋ።

ተመለስኩ። «ኮምፒውተሩ እስኪለምደው ነው፣ ንዳው» አለኝ። እውነት ነው፣ ኮምፒውተር ለአዲስ ዕቃ ራሱን ያስተካክላል። በየመገናኛው የሚጠፋን መኪና «ንዳው» ማለት ግን ምን የሚሉት ነው? ከኋላዬ ጭነት መኪና እየመጣ መሪው ሲከብደኝ የሚሰማኝን እሱ አያውቀውም። እንደገና ስሄድ ካንዴላ ይቀየር አለ። ቀጥሎ የነዳጅ ፓምፕ። መጨረሻ ላይ ኮምፒውተሩ ራሱ ሳይበላሽ አይቀርም ተባልኩ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። እያንዳንዱ ግምት የሚሞከረው በእኔ ኪስ ነው። ገንዘቤን ስጠይቅ «የኤሌክትሪክ ዕቃ አይመለስም» አለ። ደሜ ፈላ።

አሮጌውን ሴንሰር ስጠኝ አልኩት። ጥሎታል። ከወዳደቁ ዕቃዎች መሀል ራሴ ፈልጌ አወጣሁት። ይህን ያለማመንታት እመክራለሁ፤ ከመኪናችሁ የወጣ ዕቃ የእናንተ ነው፣ ይዛችሁት ሂዱ። ብርሃን ላይ ከፍ አድርጌ አየሁት። ሽቦው ላይ ግራጫ ብናኝ እንደ ሱፍ ተጣብቋል። ሽቦው አልተበጠሰም። ቆሽሿል፣ በቃ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ራሴ ሰራሁት። በመጀመሪያ ሞተሩን አጥፍቼ የአዲሱን ሴንሰር ሶኬት ነቀልኩና አስነሳሁ። ሞተሩ ረጋ። ብዙ መኪኖች ሴንሰሩ ሲነቀል በትሮትሉ አቀማመጥና በሞተሩ ዙር ነዳጅ ይገምታሉ። ነዳጅ ይበላሉ፣ ጉልበት ያጣሉ፣ ግን አይዋሹም። ነቅሎ የተሻለ የሚሄድ መኪና ሴንሰሩ የተሳሳተ ቁጥር እየሰጠው ነው። «ነቅለህ በፍጹም እንዳትነዳ» የሚሉ አሉ። አልስማማም። በየመገናኛው ከሚጠፋ መኪና ይልቅ ነቅሎ ቤት መድረስ ይሻላል። ነቅሎ መክረም ግን አይሆንም፤ አንዳንድ መኪናም ጭራሽ አይቀበለውም።

ሁለተኛ፣ ብሉቱዝ ስካነር ከስልኬ ጋር አገናኘሁ። ሞቆ ቆሞ የሚሰራ ሞተር በሰከንድ የሚስበው አየር በግምት ለ1 ሊትር ሞተር 1 ግራም አካባቢ ነው። የእኔ 2 ሊትር ነው። ስም የለሹ ሴንሰር ከ1 ግራም በታች ያነብ ነበር። አሮጌውን መልሼ ስገጥመው ቆሞ ሲሰራ ደህና ነው፤ ፊውል ትሪሙ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ድብልቁን ለማስተካከል በነዳጁ ላይ የሚያደርገው ለውጥ፣ 4 በመቶ ብቻ ይጨምራል። ዙሩን ወደ 2500 ሳወጣው ግን ከ20 በመቶ አለፈ። ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። ከሴንሰሩ በኋላ ያለ ቱቦ አየር ቢያስገባ ኖሮ የሚብሰው ቆሞ ሲሰራ ነበር። አየር ሲበዛ የሚብስ ከሆነ የቆሸሸ ሴንሰር ይጠረጠራል፤ የደከመ ፓምፕም እንዲሁ።

ብዙ መመሪያዎች ሴንሰር አይጸዳም፣ ይቀየራል ይላሉ። እኔ መጀመሪያ አጽዱ እላለሁ። ለዚሁ ሴንሰር ተብሎ የተሰራ ስፕሬይ አለ። የካርቡሬተርና የፍሬን ማጽጃ አይሆንም፤ ፕላስቲኩን ሊበላ፣ ሽቦው ላይም ቅባት ሊተው ይችላል። በጥጥም በጣትም አትንኩት፤ በኮምፕሬሰርም አትንፉት። ነፋችሁ፣ ሰበራችሁ። ሁለቱን ብሎን ፈታሁ፣ ደጋግሜ ረጨሁት፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ተውኩት።

ሲደርቅ የአየር ፊልትሮውን ቤት ከፈትኩ። ጉዱ እዚያ ነበር። አንዱ ክሊፕ ተሰብሯል። የፊልትሮው የጎማ ጠርዝ ጥጉ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። ንጹሕ መሆን በሚገባው ወገን የአቧራ መስመር ተሰርቷል፤ በጣቴ ስሄድበት ምልክት ይተዋል። ፊልትሮውን መጨረሻ የቀየረው ያው ጋራዥ ነው። ክዳኑን በግድ ገፍቶ ዘጋው፣ አቧራው በጥጉ አልፎ ሴንሰሩ ላይ ሲጠራቀም ከረመ። አዲስ ኦሪጅናል ሴንሰር ቢገጠም እንኳ እሱም ቆሽሾ ያው ይሆን ነበር።

ቤቱን ጠረግሁ፣ ክሊፑን ቀየርኩ፣ ፊልትሮውን አስተካክዬ አስቀመጥኩ፣ ኮዱን አጠፋሁ። ትሪሙ አሁን በሁሉም ዙር ከ5 በመቶ በታች ነው። መኪናው ዳገቱን እንደ ድሮው ይወጣል። በዚህ ሥራ እኮራለሁ።

ማጽዳት ካልረዳ መግዛት ግድ ነው። ያኔ አሮጌው ላይ የተቀረጸውን የዕቃ ቁጥር ጽፋችሁ ያንኑ ፈልጉ። የመኪናችሁን ሴንሰር የሰራው ቦሽ፣ ዴንሶ ወይም ሂታቺ ከሆነ ከራሱ ግዙ። ከስም የለሽ ኮፒ ይልቅ ከተፈታ መኪና የወጣ ኦሪጅናል እመርጣለሁ። ፊልትሮ ባስቀየራችሁ ቁጥር ደግሞ ሂሳብ ሳትከፍሉ ኮፈኑን አስከፍታችሁ ክሊፖቹን አንድ በአንድ በእጃችሁ ነካ ነካ አድርጉ። መካኒኩ ይቆጣ ይሆናል፤ ይቆጣ።